ላፕቶፕ ሲግልና በራሱ ሲጠፋ፦ የፋኑን አቧራ በቤት ውስጥ የማጽዳት መመሪያ

ደሴ ላይ ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር በመሆኔ፣ «ላፕቶፔ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይጠፋል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማድረስ የሚሯሯጡ ተማሪዎች፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ሰዎች፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚመጡ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ከሚያመጧቸው ላፕቶፖች ብዙዎቹ አዲስ ዕቃ ሳይገዛላቸው በግማሽ ቀን ሥራ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ካቻቪቴ ይዞ የማያውቅ ሰውም ቢሆን ተከትሎ ሊሠራው በሚችል መልኩ ሂደቱን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

አቧራው የት እንዳለ አስቀድመው ይወቁ

ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ ዋና አስሊ ክፍል) የሚያመነጨው ሙቀት በጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ አማካይነት ወደ ላፕቶፑ ጠርዝ ይሄዳል። በቱቦው ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተው የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉ። ፋኑ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር አየር ይስብና በእነዚህ ክንፎች መካከል ገፍቶ በጎን ወይም በኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ ያስወጣዋል። አቧራው የሚጠራቀመው ፋኑና ክንፎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ጊዜ እየወሰደ ተደራርቦ እንደ ጥጥ ባዘቶ የጠነከረ ንጣፍ ይሠራል። ቀዳዳውን ከውጭ ሲመለከቱት ንጹሕ ሆኖ ሊታይዎት ይችላል፤ ባዘቶው ግን ከክንፎቹ በስተጀርባ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ከውጭ በብሩሽ ጠርገው ወይም ነፍተው ለውጥ ያጡ ሰዎች ለውጥ ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የአካባቢያችን ሁኔታም ነገሩን ያባብሰዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት የሚሸከምለት አየር ያነሰ ይሆናል። ብርዱ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ስለምትል አየሯ ትንሽ ወፈር ቢልም ቀኑ ሞቃት በመሆኑ፣ በደሴ ቅዝቃዜ ሲሠራ የነበረ ላፕቶፕ የሐረጎን ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ መጥፋት ቢጀምር አያስደንቅም። በዚህ ላይ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚጨሰው ዕጣንና የከሰሉ ጢስ አቧራውን ያጣብቁታል፤ ብርድ ልብስና ጋቢ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ላፕቶፕ ደግሞ ብናኙን በቀጥታ ይስባል።

ችግሩ በእርግጥ አቧራ መሆኑን ማረጋገጥ

ላፕቶፑን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ለ10 ደቂቃ ያህል ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ያጫውቱ፤ ከዚያም እጅዎን ወደ አየር ማስወጫው ቀዳዳ ያስጠጉ። የሚሰማዎት ነገር ምክንያቱን ይነግርዎታል።

- ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ጥቂት ከሆነ ክንፎቹ በአቧራ ተደፍነዋል ማለት ነው፤ ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለዚህ ነው።
- ላፕቶፑ እየጋለ ድምፅም አየርም ከሌለ ፋኑ ቆሟል። ምናልባት የባዘቶ ጉንጉን ይዞት ሊሆን ስለሚችል መክፈቱ ይጠቅማል፤ ካልሆነ ግን ፋኑ ይቀየራል።
- አየሩ በኃይል እየወጣ ነገር ግን ሙቀቱ ለብ ያለ ብቻ ከሆነና ላፕቶፑ ከቀረፈፈ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ መዳቡ በደንብ እየተላለፈ አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል ብለው መጠርጠር ይችላሉ።
- አየሩ በኃይልና በጣም ሞቆ የሚወጣ ከሆነ ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየውን መስኮት) ይክፈቱ፤ ምንም ሳይሠሩ ፕሮሰሰሩን የሚያጨናንቅ ፕሮግራም ካገኙ ላፕቶፑን መፍታት አያስፈልግዎትም።

እንደ ኮር ቴምፕ ያለ ነፃ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጭነው ሁለት ቁጥሮችን በወረቀት ላይ ይመዝግቡ፦ ላፕቶፑ ያለ ሥራ 10 ደቂቃ ሲቆይ ያለውን ሙቀትና ቪዲዮው ሲጫወት የሚደርስበትን ከፍተኛውን ሙቀት። ያለ ሥራ ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሥራ ላይ ደግሞ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ለብዙ ላፕቶፖች የተለመደ ነው። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃው ላፕቶፑ ይጠፋል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሳይመዘግቡ ሥራውን የጀመረ ሰው በመጨረሻ መሻሻሉን የሚለካበት ነገር አይኖረውም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የመስቀል አፍ ያለው ትንሽ ካቻቪቴ፣ ቁጥር 0 እና 00። ለሞባይል ጥገና የሚሸጠው ስብስብ በቂ ነው፤ አንዳንድ ላፕቶፖች የኮከብ አፍ ስለሚፈልጉ እሱም በስብስቡ ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ።
- ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ወይም ሌላ ስስ ፕላስቲክ፣ ክዳኑን ለመክፈት።
- ለስላሳ ጸጉር ያለው፣ ቀለም ነክቶት የማያውቅ የሥዕል ብሩሽ።
- ወረንጦና ጥቂት ስቴኪኒ።
- በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ አየር መንፊያ። ለካሜራ ሌንስ የሚሸጠው ይመረጣል፤ ካላገኙ ከፋርማሲ የሚሸጠውን የሕፃናት አፍንጫ መምጠጫ አዲሱንና ደረቁን መጠቀም ይችላሉ።
- የጆሮ ማጽጃ ጥጥና ከ90 በመቶ በላይ ጥንካሬ ያለው አልኮል። በየፋርማሲው የሚገኘው ባለ 70 በመቶው ሲሶ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ለፋኑ ክንፎች ካልሆነ በቀር ለቦርዱ (የላፕቶፑ ክፍሎች ለተሰኩበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አይሆንም። አረቄና ሽቶ አይተኩትም፤ ይህን የምጽፈው ሁለቱንም ሞክረው የመጡ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው።
- ነጭ ወረቀት፣ እስክርቢቶ፣ ፕላስተርና ሦስት ወይም አራት የቡና ሲኒ። ሲኒዎቹ ለብሎን ማስቀመጫ ናቸው።
- ፎቶ የሚያነሳና መብራት ያለው ስልክ።
- ቴርማል ፔስት፣ ነገር ግን ደረጃ 9ን የሚሠሩ ከሆነ ብቻ።

ማስጠንቀቂያ

ክዳኑን ሲከፍቱ ባትሪው አብጦ ካገኙት ሥራውን ወዲያውኑ ያቁሙ። ያበጠ ባትሪ ከተወጋ ወይም ከታጠፈ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል አይጫኑት፣ በካቻቪቴ አያንሱት፣ ቻርጀርም አይሰኩበት፤ ለባለሙያ ይስጡት። ላፕቶፑ ገና የዋስትና ጊዜ ላይ ከሆነ መፍታቱ ዋስትናውን ሊያሳጣዎት ስለሚችል አስቀድመው ሻጩን ይጠይቁ። ፋን የሌላቸው ላፕቶፖችም አሉ፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የወጡት የማክቡክ ኤር ሞዴሎች ፋን ስለሌላቸው ይህ ሥራ አይመለከታቸውም።

በበጋ፣ በተለይም አየሩ ደርቆ ነፋስ በሚበዛባቸው ወራት፣ ሰውነትዎ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ይህም ሳይታወቅዎት የቦርዱን ስስ ክፍሎች ሊያበላሽ ይችላል። ምንጣፍ ላይ ሆነው አይሥሩ፤ የሱፍ ልብስዎን ያውልቁ፤ ቦርዱን ከመንካትዎ በፊትም ቀለም ያልተቀባ የውሃ ቧንቧ ብረት ይንኩ። ከረከቦቱና ከምድጃውም ራቅ ይበሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ጠቃሚ ሰነዶችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ጽዳቱ ሰነድ አያጠፋም፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ በድንገት ሲጠፋ የቆየ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመንቀሳቀሱ በፊት መገልበጡ ተገቢ ነው።

2. ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ክዳኑን ማጠፍ ማጥፋት አይደለም። በዊንዶውስ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ እንደተጫኑ «ሻት ዳውን» የሚለውን ሲመርጡ ኮምፒውተሩ በከፊል ሳይተኛ በሙሉ ይዘጋል። ከዚያ ቻርጀሩን፣ ፍላሹንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ። ሚሞሪ ካርድ ተሰክቶ እያለ የታችኛው ክዳን ቢጎተት ካርዱም መሰኪያውም ይሰበራሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡትና የማብሪያውን ቁልፍ ለ20 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ ይህ በቦርዱ ውስጥ የቀረውን ኃይል ያራግፋል። ለግማሽ ሰዓት እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ።

3. የሞዴሉን ቁጥር ይፈልጉ። ቁጥሩ ከሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው ክዳኑ እንዴት እንደሚከፈት በሥዕል የሚያሳይ የጥገና መመሪያ በነፃ ያወጣሉ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ከሥር በሚፈታ ክዳን በቀላሉ ይከፈታል፤ አንዳንዱ፣ በተለይ ቆየት ያለው፣ ኪቦርዱ ከላይ ሳይነሳ ፋኑ አይገኝም። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ብሎን አይፍቱ።

4. ብሎኖቹን በካርታ ይፍቱ። በነጭ ወረቀቱ ላይ የላፕቶፑን ሆድ ቅርጽ ይሣሉ፤ እያንዳንዱን ብሎን ሲፈቱ በሥዕሉ ላይ በነበረበት ቦታ በፕላስተር ይለጥፉት። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የአንድ ላፕቶፕ ብሎኖች ርዝመታቸው የተለያየ ነው። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ቢያስሩት ቦርዱን ሊበሳው ወይም የኪቦርዱን ፕላስቲክ ከላይ ሊያነሳው ይችላል። ከክዳኑ በታች የሚፈቱትን የውስጥ ብሎኖች ደግሞ ለየደረጃው በተለያየ ሲኒ ያስቀምጧቸው። በጎማ እግሮቹና በተለጣፊ ወረቀቶች ሥር የተደበቁ ብሎኖች መኖራቸውንም በጣትዎ እየዳሰሱ ያረጋግጡ። ካቻቪቴው በብሎኑ ራስ ውስጥ የሚላወስ ከሆነ መጠኑ ልክ አይደለም፤ ቢያስገድዱት ራሱ ይበላና ብሎኑ እዚያው ይቀራል።

5. ክዳኑን በፕላስቲክ ካርድ ይክፈቱ። ካርዱን በጠርዙ ስንጥቅ አስገብተው በቀስታ ሲያስኬዱት የውስጥ መያዣዎቹ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ይለቃሉ። ድምፁ አያስደንግጥዎ። አንድ ቦታ ላይ እምቢ ካለ ጉልበት አይጨምሩ፤ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው፣ ተመልሰው ይፈልጉት። ቢላዋና የብረት ካቻቪቴ ፕላስቲኩን ስለሚበሉትና ወደ ውስጥ ዘልቀው ሽቦ ስለሚቆርጡ አይጠቀሙባቸው። ኪቦርዱን የሚያነሱ ከሆነ ከሥሩ በስስ ፍላት ኬብል ስለተያያዘ በአንድ ጊዜ አይንቀሉት፤ በመጀመሪያ የመሰኪያውን ትንሽ ምላስ በጥፍርዎ ያንሱ።

6. ባትሪውን ከቦርዱ ይንቀሉ። ክዳኑ እንደተከፈተ፣ ሌላ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት፣ የባትሪውን መሰኪያ ያውጡ። ሽቦዎቹን አይጎትቱ፤ የመሰኪያውን አካል በግራና በቀኝ በፕላስቲክ እየገፉ ያስወጡት። ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን ባትሪው ለቦርዱ ኃይል ስለሚሰጥ፣ ወረንጦ ወይም ብሎን ቢወድቅ ሁለት ነጥቦችን አገናኝቶ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። አሁን ፎቶ ያንሱ፤ በመልሶ ግጥሚያ ጊዜ ሽቦው በየት በኩል እንደነበረ የሚያስታውስዎት ይህ ፎቶ ነው።

7. ፋኑን ፈትተው ባዘቶውን ያውጡ። የሥራው ልብ ይህ ነው፤ አይቸኩሉ። ፋኑ በሁለት ወይም በሦስት ትናንሽ ብሎኖች ታስሮ በአንዲት ትንሽ መሰኪያ ከቦርዱ ጋር ይገናኛል። መሰኪያውን ይንቀሉ፣ ብሎኖቹን ይፍቱ፣ ፋኑንም ወደ ላይ ያንሱት። በአንዳንድ ሞዴሎች ፋኑና የመዳቡ ቱቦ ተጣምረው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ከሆነ የፋኑን የላይ ሽፋን ብቻ የሚይዙ ጥቃቅን ብሎኖች መኖራቸውን ይፈልጉ፤ ካሉ እነሱን መፍታት ይበቃዎታል። ከሌሉ መዳቡ አብሮ መነሳት ስላለበት ወደፊት የተጻፈውን ደረጃ 9ን አንብበውና ፔስት ይዘው ይቀጥሉ።

ፋኑ ሲነሳ በክንፎቹ አፍ ላይ ግራጫ ንጣፍ ያያሉ። መጀመሪያ በብሩሽ አይጥረጉት፤ ቢጠርጉት ተበትኖ በክንፎቹ መካከል ይገባል፣ ከዚያም ለማውጣት ያስቸግራል። ንጣፉን በአንድ ጫፍ በወረንጦ ይያዙና እንደ ጨርቅ በቀስታ ይግፈፉት፤ ብዙ ጊዜ ሳይቆራረጥ በአንድ ላይ ይወጣል። በዕጣንና በከሰል ጢስ፣ ወይም በወጥ ቤት ቅባት የተጣበቀ ከሆነ ግን ይቆራረጣል። በዚህ ጊዜ በአልኮል ረጠብ ባለ የጆሮ ማጽጃ አለስልሰው፣ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ በስቴኪኒ እየፈለቀቁ ያውጡት። አግድም ከጎተቱ ስሶቹ ክንፎች ይታጠፋሉ፤ የታጠፈ ክንፍ ደግሞ እንደ አቧራው ሁሉ የአየሩን መንገድ ይዘጋል።

ዋናው ንጣፍ ከወጣ በኋላ ላፕቶፑን ዘንበል አድርገው በላስቲክ መንፊያው ከውጭው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይንፉ። ፋኑ በቦታው እያለ ይህን ቢያደርጉ አቧራውን ወደ ፋኑ ይመልሱት ነበር፤ አሁን ግን ፋኑ ስለተነሳ ቅሪቱ በመጣበት በኩል ይወጣል። በመጨረሻ የስልክዎን መብራት ከውጭ በኩል ይዘው ከውስጥ ወደ ክንፎቹ ይመልከቱ። ብርሃኑ በእያንዳንዱ ክንፍ መካከል መታየት አለበት፤ ጨለማ የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ገና አቧራ አለ።

8. ፋኑን ራሱን ያጽዱ። የፋኑን እምብርት በጣትዎ ይዘው እንዳይዞር አድርገው እያንዳንዱን ክንፍ በብሩሽ ይጥረጉ። ማቆሙ የሚያስፈልገው በአየር ተገፍቶ ከአቅሙ በላይ የዞረ ፋን መሸከሚያው (እምብርቱን ይዞ የሚያዞረው ክፍል) ስለሚበላ ነው፤ መሰኪያው ሳይነቀል ከሆነ ደግሞ ፋኑ ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል። የተጣበቀውን ቆሻሻ በአልኮል ይጥረጉ፤ ከጽዳት በኋላ በጣትዎ ሲያዞሩት ያለ ድምፅ ዞሮ በዝግታ መቆም አለበት። ቢያንገጫግጭ ወይም ግራና ቀኝ ቢወዛወዝ መሸከሚያው አርጅቷል። የልብስ ስፌት ዘይት ጠብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንታት ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያም ዘይቱ ተረጭቶ አቧራውን በእጥፍ ስለሚያጣብቅ አዲስ ፋን መግዛቱን እመርጣለሁ። ከክዳኑ ውስጥ በኩል ያለውን ወንፊት መሰል አየር መሳቢያም አይርሱ፤ እሱ ካልተጠረገ ፋኑ የሚስበው አየር አያገኝም።

9. ቴርማል ፔስቱን ይቀይሩ (አስፈላጊ ከሆነ ብቻ)። በምርመራው ጊዜ ፔስቱን ካልጠረጠሩና መዳቡን ለማንሳት ካልተገደዱ ይህን ደረጃ ይዝለሉት። አንዴ የተነሳ መዳብ በአሮጌው ፔስት ላይ ተመልሶ አይቀመጥም፤ ፔስቱ ተቆራርሶ በመካከሉ አየር ስለሚገባ ላፕቶፑ ከበፊቱ የባሰ ይግላል። የሚሠሩት ከሆነ፦

- በመዳቡ ብሎኖች አጠገብ የተጻፉትን ቁጥሮች ይከተሉ። ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ ይፍቱ፤ በአንድ ወገን ብቻ መፍታት የፕሮሰሰሩን ጠርዝ ሊሰብር ይችላል።
- መዳቡ ከተጣበቀ በትንሹ ያወዛውዙት እንጂ አይፈልቅቁት።
- አሮጌውን ፔስት ከሁለቱም በኩል በአልኮልና በጆሮ ማጽጃ እስኪያብረቀርቅ ይጥረጉ።
- የምስር ፍሬ የሚያህል ፔስት አድርገው የፕሮሰሰሩን መስታወት መሰል ገጽ በስሱ እንዲሸፍን ያዳርሱት። ከመጠን በላይ መቀባት ሙቀቱን አያሻሽልም፤ ዙሪያውን ይፈስሳል እንጂ።
- በሌሎቹ ትናንሽ ክፍሎች ላይ ያሉትን ለስላሳ የላስቲክ ትራሶች አይጣሉ፣ በፔስትም አይተኩ። ሰፋ ያለ ክፍተት የሚሞሉ በመሆናቸው ፔስት ቦታቸውን ሊይዝ አይችልም።
- ብሎኖቹን ሲያስሩም በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ።

10. መልሰው ይግጠሙ። ፋኑን አስቀምጠው ብሎኖቹን ያጥብቁ፣ መሰኪያውን ይሰኩ፤ የባትሪው መሰኪያ የሚገባው ከሁሉም በኋላ ነው። የፋኑን መሰኪያ መርሳት በጣም የተለመደ ስሕተት ስለሆነ ያነሱትን ፎቶ ከፊትዎ ካለው ጋር ያነጻጽሩ። ክዳኑን በሁለት ብሎን ብቻ ይያዙና ላፕቶፑን ያብሩት። ባትሪው ተነቅሎ የተሰካ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ቻርጀር ካልተሰካለት አይነሳም፤ ባይበራልዎት ከመደንገጥዎ በፊት ቻርጀሩን ይሰኩ። ሰዓቱና ቀኑ ተዛብቶ ቢያገኙት ያስተካክሉት፤ ጉዳት አይደለም። የፋኑን ድምፅ ከሰሙ አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው የቀሩትን ብሎኖች ያጥብቁ።

11. እንደገና ይለኩ። መጀመሪያ የለኩበትን ቪዲዮ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ቢቻል በተመሳሳይ የቀን ሰዓት አጫውተው ሁለቱን ቁጥሮች ይመዝግቡ። ጠዋት በደሴ ብርድ የተለካ ቁጥር ከቀትር ጋር አይወዳደርም። ንጣፉ ወፍራም ከነበረ ከፍተኛው ሙቀት በአሥርና ከዚያም በላይ ዲግሪ ሲወርድ አይቻለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

*ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት።* ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየሩን የሚያወጣው ለመኪና ጎማ በሚሆን ግፊት ሲሆን፣ በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና የሞተር ዘይትም አብሮ ይወጣል። አንድ ወጣት ላፕቶፑን በዚህ መንገድ አስነፍቶ «አቧራው ብን ብሎ ወጣ» እያለ ደስ ብሎት ወደ እኔ ያመጣው ፋኑ መዞር ስላቆመ ነበር። ስከፍተው ሁለት የፋን ክንፎች ተሰብረዋል፤ ባዘቶው ግን እርጥብ ሆኖ በቦታው ተቀምጧል።

*በአፍ እፍ ማለት።* ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ አቧራውም ወደ ዓይንዎና ወደ ሳንባዎ ይመለሳል።

*የጸጉር ማድረቂያና የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን መጠቀም።* የመጀመሪያው ሙቀት ይጨምራል፤ ሁለተኛው በጫፉ ላይ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል።

*በቆርቆሮ የታሸገ የአየር መንፊያን ገልብጦ መርጨት።* ቆርቆሮው ከተዘቀዘቀ በአየር ፈንታ በጣም የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይወጣል። ቀጥ አድርገው ይዘው በአጭር በአጭሩ ይርጩት።

*ባለ ፋን ማስቀመጫ ገዝቶ ነገሩን መተው።* ክንፎቹ ተደፍነው እያለ ከሥር የሚነፋ አየር የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ከጽዳት በኋላ ግን በተለይ ለኮምቦልቻ ሙቀት ይረዳል።

ከጽዳቱ በኋላ

ላፕቶፑን በአልጋ፣ በፍራሽ ወይም በጋቢ ላይ አስቀምጠው አይሥሩ፤ ብርዱ ካስገደደዎት ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ሰፊ ትሪ ከሥሩ ያድርጉ። ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ከሆኑ ዕጣኑ እስኪያልቅ ድረስ ላፕቶፑን ማጥፋት ቀላሉ ዘዴ ነው፤ የቆመ ፋን ጢስ አይስብም። ከሰል በሚነድበት ወይም ብናኝ በሚበዛበት ቤት ውስጥ በየስድስት ወሩ፣ በሌላው በዓመት አንድ ጊዜ መክፈት ይበቃል። ከሰኔ በፊት፣ የበጋው አቧራ ሲያበቃ መሥራቱን እኔ እመርጣለሁ።

አቧራው ወጥቶ፣ ፋኑ እየዞረ፣ ብርሃኑም በክንፎቹ መካከል እየታየ ሙቀቱ ካልወረደ በመጀመሪያ ደረጃ 9ን ይሥሩ። ያም ካልረዳ የመዳቡ ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ታጥፎ ሊሆን ስለሚችል ከነሙሉ አካሉ መቀየር አለበት። ወደ ጥገና ባለሙያ ሲወስዱት ከጽዳቱ በፊትና በኋላ የመዘገቧቸውን አራት ቁጥሮች፣ ያነሷቸውን ፎቶዎችና ፔስት ቀይረው ከሆነም መቀየርዎን ይንገሩት፤ ምርመራውን ከመጀመሪያው እንዳይጀምርና ለሠሩት ሥራ ዳግመኛ እንዳያስከፍልዎት ይረዳል።